ፊደል መቁጠር፣ ፊደል መለየት

አንጋፋው፦ ልጄ፣ ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ ፊደልን በጨዋታ ይማር ስትሉ እሰማለሁ፤ ሊጥ ይጠፍጥፍ፣ ቆርኪ ይደርድር፣ መሬት ላይ ይዝለል ትላላችሁ። ጨዋታን የምጠላ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ፊደላችን 33 ቤተሰብ ነው፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ ሰባት መልክ አለው፤ ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ይህም ዲቃሎቹን ሳይጨምር ነው። ይህን ያህል ብዛት ያለው ነገር ያለ ሥርዓት አይያዝም። ሥርዓቱም አለን፦ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ እያሉ ድምፅን ከፍ አድርጎ መቁጠር። በዚህ መንገድ ያለፈ ትውልድ ዳዊት ደግሟል፣ ደብዳቤ ጽፏል፣ መጽሐፍ ደርሷል። «ፊደል የቆጠረ» ማለት የተማረ ሰው ማለት የሆነው በከንቱ አይደለም። ታዲያ ፍሬ ያፈራውን መንገድ ትተን ጨዋታ የምንይዝበትን ምክንያት አስረጂኝ።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ እኔም ከዚያው ከየኔታ ደጅ ልጀምር። የኔታ ልጁን ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ ብለው ካስቆጠሩት በኋላ «በቃ፣ ፊደል ለይቷል» አይሉም ነበር። አቡጊዳን ያስቆጥሩታል፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። በዚህ አደራደር በእያንዳንዱ እርምጃ ቤተሰቡም መልኩም አብረው ይለወጣሉ። ከአንዱ ወደሚቀጥለው የሚሸከመው የለመደው ዜማ ስለማይኖር ልጁ የግድ ፊደሉን ማየት አለበት። አባቶች ይህን ሁለተኛ ገበታ የጨመሩት አንድ ነገር ስላወቁ ነው፦ ቆጠራ ጆሮና ምላስ ብቻቸውን ሊወጡት የሚችሉት ሥራ ነው። ልጅ ጣቱ «ለ» ላይ ቆሞ ምላሱ «ሎ» ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ መቁጠርና መለየት ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው፤ ንባብ የሚወለደውም ከሁለተኛው ነው። ጨዋታ የምለው ልጁን የሚያስቀውን ሁሉ አይደለም። የለመደውን ቅደም ተከተል አፍርሶ ዓይኑን ከጆሮው ጋር የሚያገናኘውን ነው። በዚህ መልኩ ካየነው ጨዋታ የአቡጊዳ ታናሽ ወንድም ነው።

አንጋፋው፦ ለእኔ የሚመሰክረውን ራስሽ አመጣሽልኝ። አቡጊዳ የሚመጣው ከቆጠራው በኋላ ነው እንጂ በቆጠራው ፈንታ አይደለም። ልጁ መጀመሪያ መስመሩን አጥብቆ ያዘ፤ ከዚያ መስመሩ ሲፈርስ የሚመለስበት ነበረው። «ጊ» ቢጠፋበት በልቡ ገ፣ ጉ፣ ጊ ብሎ ይደርስበታል። ቆጠራ መሰላል ነው። እናንተ ግን ልጁን መሰላል ሳትሰጡት ጣሪያ ላይ ውጣ ትሉታላችሁ። ዛሬ «በ»ን በሊጥ፣ ነገ «ጨ»ን በሥዕል፣ ከነገ ወዲያ «ፎ»ን በዘፈን ይማራል፤ በዓመቱ መጨረሻ እጁ ላይ የሚቀረው የተበታተነ ጠጠር ነው።

ወጣቷ፦ መሰላሉን እቀበላለሁ፤ ቆጠራም ይቅር አልልም። ነገር ግን የመሰላሉን የመጀመሪያ ደረጃዎች አብረን እንያቸው። «ሀ» ግዕዝ ነው፣ «ሃ» ራብዕ ነው፤ በአማርኛ ግን ሁለቱም አንድ ድምፅ ናቸው። በግዕዝ ቋንቋ ለየቅል እንደነበሩ እርስዎም እኔም እናውቃለን፤ የአራት ዓመቱ ልጅ ግን የሚሰማው የቤቱን አማርኛ ነው። እንግዲህ ሰባት መልክ ሰባት ድምፅ ነው የሚለው ሕግ ገና በመጀመሪያው ፊደል ፈረሰበት። ቀጥሎ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ ሲል ሰባት ቤተሰብ ቆጥሮ ያገኘው አምስት ድምፅ ብቻ ነው። ሐ የሀን፣ ሰ የሠን ደገመበትና። ስለዚህ የቆጠራው ዜማ በቦታው ይቆይ፤ የመለየቱ ሥራ ግን ሕጉን በሚያከብር ቤተሰብ ይጀመር። «በ»ን ይውሰዱ፦ በግ፣ ቡና፣ ቢራቢሮ፣ ባቄላ፣ ቤት፣ ብርቱካን፣ ቦርሳ። ሰባቱም መልኮች ልጁ በሚያውቀው ቃል ራስ ላይ ተቀምጠዋል። መስመሩ እንዳይጠፋ ከፈለጉ ደግሞ ሰኞ ማክሰኞ አለልን፤ ልጆቻችን ከድሮ ጀምሮ በአንድ እግር የሚዘሉት ጨዋታ። ሰባት ቤት መሬት ላይ ይሰመር፤ በቅደም ተከተል በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ፣ ብ፣ ቦ ይጻፍበት። አንዱ ልጅ «ቡና!» ብሎ ይጠራል፤ ተጫዋቹ ጠጠሩን «ቡ» ላይ ጥሎ ይዘላል። ሲዘል መስመሩን ይቆጥራል፤ ጠጠሩን ሲጥል ይለያል። የእርስዎ መሰላልና የእኔ አቡጊዳ አንድ መሬት ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

አንጋፋው፦ ያምራል፤ ማማሩ ግን ማስረጃ አይሆንም። የሰው ልጅ የሚያስታውሰው ልቡ ያረፈበትን ነው። ሲዘል ልቡ ያረፈው እግሩ ላይ ነው። በሊጥ «ለ»ን ሲሠራ ልቡ ያረፈው ሊጡ ላይ ነው፤ ማታ «ዛሬ ምን ተማርክ?» ሲባል «ሊጥ ተጫወትን» ይላል። ሞቅ ያለ ክፍል ሁሉ ትምህርት የተካሄደበት ክፍል አይደለም። ደስታውን አየሁ፤ ትምህርቱን አሳዪኝ።

ወጣቷ፦ ለብዙ ጨዋታዎች ይህ ወቀሳ ትክክል ነው። ሥዕሉ ውስጥ «ሸ»ን ቀለም መቀባት ቀለም መቀባት ነው፤ ሸ በኳስ ቢተካ ልጁ የሚሠራው ሥራ አይለወጥም። ስለዚህ አንድ መመዘኛ ላስቀምጥ፦ ፊደሉን ከጨዋታው ብናወጣው ጨዋታው ይቀጥላል ወይ? ከቀጠለ ፊደሉ ጌጥ ነበር። ከቆመ ግን ልጁ ያለ ፊደሉ አንድ እርምጃ መሄድ አይችልም ነበር ማለት ነው። በሰኞ ማክሰኞው «ቡና» ተብሎ ሲጠራ «ቡ»ን ያልለየ ልጅ ጠጠሩን የሚጥልበት የለውም። ማስረጃውንም ልጥቀስ። ሊኔት ብራድሊና ፒተር ብራያንት የተባሉ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናት ማንበብ ያልጀመሩ 400 ያህል የአራትና የአምስት ዓመት ልጆችን ለዓመታት ተከታተሉ። ቤት የሚመቱ ወይም በአንድ ድምፅ የሚጀምሩ ቃላትን የመለየት ችሎታቸው በኋላ የሚኖራቸውን የንባብ ችሎታ አስቀድሞ የሚጠቁም ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ድምፅ መለየት ከሚቸግራቸው መካከል 65ቱን በቡድን ከፍለው አሠለጠኑ። ድምፅ እየመደቡ የተጫወቱት፣ ያንኑ ሥዕል በትርጉም ብቻ ከመደቡት የተሻለ ውጤት አሳዩ። ከሁሉም የበለጡት ግን ድምፁን በእጅ ከሚያዙ የፕላስቲክ ፊደሎች ጋር እያያዙ የተጫወቱት ነበሩ። ጆሮ ብቻውን አልበቃም፤ ፊደሉ ከድምፁ ጋር እጅ ላይ መገናኘት ነበረበት። ስለ መጻፍም ካሪን ጄምስና ላውራ ኤንገልሃርት እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት አለ። በጥቂት ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት ቢሆንም የሚጠቁመው ግልጽ ነው፦ ማንበብ ያልጀመሩ የአምስት ዓመት ልጆች ፊደልን በእጃቸው ከጻፉ በኋላ ሲያዩት ለንባብ የሚያገለግለው የአንጎል ክፍል ይነቃል፤ በቁልፍ ከመቱት ወይም የተነጠበውን ተከትለው ካሰመሩት በኋላ ግን እንደዚያ አይነቃም። አፈር ላይ በጣት የተጻፈ ጠማማ «መ» ከታተመ ነጠብጣብ ይበልጣል ማለት ነው።

አንጋፋው፦ የጠቀስሽው ሁሉ የእንግሊዝኛ ነው። የእነሱ ችግር ሌላ ነው። ፊደላቸው 26 ነው፤ ነገር ግን አንዱ ፊደል በየቃሉ ድምፁን ይለዋውጣል፤ ስለዚህ የልጁን ጆሮ መሞረድ ግድ ይላቸዋል። የእኛ ፊደል ታማኝ ነው፤ «ባ» የትም ቢሄድ «ባ» ነው። ለሌላ በሽታ የታዘዘ መድኃኒት ለእኛ ልጅ ምን ይበጀዋል?

ወጣቷ፦ ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ የሚያዳላው ግን ለእኛ ልጅ ነው። ኢዛቤል ሊበርማንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1974 የአራት ዓመት ልጆችን ቃል እንዲከፋፍሉ ጠየቋቸው። ግማሽ ያህሉ ቃሉን በቀለም፣ ማለትም እንደ ቡ እና ና ባለ ሙሉ ድምፅ፣ መክፈል ቻሉ፤ ከዚያ ወርዶ «ቡ»ን ለሁለት የሚከፍል ግን አንድም አልተገኘም። የእንግሊዝኛው ፊደል ከልጁ የሚጠይቀው ይህን የማይችለውን ነው። የእኛ ፊደል ደግሞ አንዱ ምልክት አንድ ቀለም ስለሆነ ልጁ በአራት ዓመቱ ከሚሰማው ጋር ይገጥማል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጨዋታ ወረቀት እንኳ አያስፈልገውም፤ ስሙን በጭብጨባ መክፈል ይበቃል። ቀጥሎ እንቆቅልህ ይመጣል። «እንቆቅልህ!» «ምን አውቅልህ?» «በቢ ይጀምራል፣ አበባ ላይ ያርፋል።» ያላወቀ አገር ይሰጣል፤ ያወቀ «ቢ» የተጻፈበትን ቆርኪ ያነሣል። ቀጥሎ ደግሞ ላም፣ ላባ፣ ዳቦ፣ ላስቲክ ብሎ ጠርቶ የማይገባውን ማስለየት። ጆሮው በሙሉው ቀለም ከተላመደ በኋላ ባ፣ ቡ፣ ቢ ውስጥ የማይለወጥ አንድ ነገር እንዳለ፣ ባ፣ ላ፣ ማ ውስጥም እንዲሁ ሌላ የማይለወጥ ነገር እንዳለ መስማት ይጀምራል። ያን ጊዜ 231 ነገር መያዙ ቀርቶ 33 ቤተሰብና ሰባት ድምፅ፣ በድምሩ 40 ነገር ይይዛል።

አንጋፋው፦ ሒሳቡ ደስ ይላል፤ እውነቱን ግን አይሸፍንም። ካዕብ ወገቡ ላይ ጭረት አለው ብለሽ ካስተማርሽው በኋላ «ሩ» እና «ፉ» ይመጡበታል። ኃምስ እግሩ ላይ ቀለበት አለው ብትዪው ይገባዋል። ሳድስ ግን? ል፣ ም፣ ር፣ ት፣ ን፤ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ይታጠፋል። በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ በብዛት የሚመጣውም ይኸው ሕግ የሌለው ሳድስ ነው። ድምፁም ቢሆን አይጨበጥም፦ «ስም» በሚለው ቃል ስ አናባቢ አለው፣ ም የለውም። መጥበቅና መላላትንም ጨምሪበት፤ «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ አለቃ ነው፤ ፊደሉ ግን አይነግርሽም። ለእኛ ፊደል የሚቀርበው የሕንድ አጻጻፍ ነው፤ የካንናዳ ቋንቋን ንባብ ያጠናችው ሶናሊ ናግም እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመችው ልጆች የዚያን ፊደል ብዛት ጠንቅቀው ለመያዝ ዓመታት እንደሚፈጅባቸው ነው። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ድግግሞሽ ነው። ድግግሞሽ ደግሞ የቆጠራ ሥራ ነው።

ወጣቷ፦ ሳድስን በሕግ አልከላከለውም፤ ድግግሞሽ ይፈልጋል። ጥያቄው ልጁ ማን ድገም ብሎት ይደግማል የሚለው ነው። ቆጠራን የሚያስደግመው ከውጭ የሚመጣ ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዙ ሲቆም ድግግሞሹም ይቆማል። ጥሩ ጨዋታን ግን ልጁ ራሱ «እንደገና!» ይላል። ስድስት ቆርኪ ይዘው ይቀመጡና «ላም» ብለው ይጻፉ። ምን ቢቀየር «ላብ» ይሆናል? ከዚያ «ልብ»፣ ከዚያ «ልጅ»፣ ከዚያ «እጅ»። በእያንዳንዱ ዙር አንድ ቆርኪ ብቻ ይነሣል። በዚህ ጨዋታ ል፣ ም፣ ብ፣ ጅ ሁሉም ሳድስ ናቸው፤ ልጁ የሳድስን ሁለት ጠባይ፣ «ልብ» ላይ አናባቢ ያለውን ል እና አናባቢ የሌለውን ብ፣ ስሙን ሳያውቅ በጆሮው ይለያል። የሕንዱ ጥናት ዓመታት ይፈጃል ማለቱ ለእኔም ይጠቅመኛል። ሥራው ዓመታት የሚፈጅ ከሆነ አፀደ ሕፃናት 231ዱን ጠቅልሎ የመጨረስ ግዴታ የለበትም። ከእሱ የሚጠበቀው የነቃ ጆሮ፣ ሕጋቸውን የሚያከብሩ ጥቂት ቤተሰቦች፣ የልጁ የገዛ ስም ፊደላት፣ ሌላውንም ለማወቅ መጓጓት ነው። በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃዋል።

አንጋፋው፦ እንግዲያስ ጥያቄዬን ላጥብቀው። ግዴታ ከሌለው በአራት ዓመቱ ለምን ይጀመራል? ፊንላንድ ልጇን ትምህርት ቤት የምታስገባው በሰባት ዓመቱ ነው። ኒውዚላንድ ውስጥ ሴባስቲያን ሱጌትና ባልደረቦቹ በአምስት ዓመት ንባብ የጀመሩትንና በሰባት የጀመሩትን አወዳድረው ነበር፤ ወደ 11 ዓመት ገደማ ልዩነቱ አልነበረም። እኔ በቆጠራ ስል ቢያንስ ትምህርቱ ትምህርት፣ ጨዋታውም ጨዋታ ሆኖ ይቀራል። አንቺ ግን ልጁ የራሱ ባለው አንድ ነገር ውስጥ ትምህርት ደብቀሽ ታስገቢበታለሽ። ሰኞ ማክሰኞ የእሱ ነበረ፤ አሁን የመምህርቷ ሆነ።

ወጣቷ፦ እስካሁን ከተናገሩት ሁሉ ይህ ከበደኝ። የማምነውን ልንገርዎ። ልጁ ጨዋታውን ትቶ መሄድ ካልቻለ ነገሩ ጨዋታ መሆኑ ቀርቷል፤ እርስዎ እውነተኛ ነዎት። ስለዚህ ፈተና፣ ውጤት፣ ሰልፍ በዚህ ዕድሜ አይግባበት፤ ልጁ ሰልችቶት ሲነሣ ይሂድ። ግን የፊንላንዱ ልጅ እስከ ሰባት ዓመቱ ሲቆይ ባዶ ቤት ውስጥ አይቆይም፤ መጽሐፍ ይነበብለታል፣ በሰባት ዓመቱም የሚቀበለው በሚገባ የተደራጀ ትምህርት ቤት ነው። በእኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2010 በተደረገው የንባብ ምዘና ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። መጽሐፍ በሌለበት ቤት ላደገ ልጅ «ይቆይ» ማለት ፊደልን የሚያይበትን ቀን ብቻ አያዘገይም፤ ትምህርት ቤት ሲገባ ጓደኛው አስቀድሞ የያዘውን ሁሉ አንድ ላይ ያወርድበታል።

አንጋፋው፦ ያ ቁጥር ያሳዝናል፤ በቆጠራ ላይ ግን አይላከክ። መጽሐፍ ያልደረሰው፣ መምህሩ ያልሠለጠነለት፣ ክፍል ውስጥ የተጨናነቀ ልጅ ነው። መጨናነቁን ካነሣን ደግሞ አንድ መምህርት ስልሳ ልጅ ይዛ እንዴት ነው ቆርኪ የምታስደረድረው? ቆጠራ አንድ ገበታና አንድ ዘንግ ይበቃዋል፤ ስልሳውንም እኩል ያገለግላል። የድሀ ልጅ ትምህርት ነው። የአንቺ መንገድ አሥራ ሁለት ልጅ ለያዘ፣ ክፍያው ከባድ ለሆነ አፀደ ሕፃናት ነው።

ወጣቷ፦ ቁጥሩን በቆጠራ ላይ ብቻ አልጭንም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ስለ ድህነቱ ግን እስካሁን ከጠራኋቸው ጨዋታዎች የሚገዛውን ይቁጠሩልኝ። ቆርኪ በየሱቁ ደጅ ወድቋል። አፈር በነፃ ነው። እንቆቅልህ የስልሳ ልጅ ጨዋታ ነው፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ምን አውቅልህ?» ይላል። የፊደል ገበታውም አይጣል፤ ወረቀት መሃሉን በስተው ገበታው ላይ ያንቀሳቅሱት፤ በቀዳዳው የምትታየው አንዲት ፊደል ናት፤ ስልሳው ልጅ ስሟን ይጠራል፤ ዜማውን ተከትሎ መሸሽ የለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቆጠራ ማንበብ የሚችል ሰው ይፈልጋል፤ የድምፅ ጨዋታ ግን አይፈልግም። ማንበብ ያልተማረች እናት ሽንኩርት እየከተፈች «በሽ የሚጀምር ሌላ ምን አለ?» ብላ ልጇን መጠየቅ ትችላለች። በውጭ አገር ለሚያድጉትም ያው ነው። ዋሽንግተን ወይም ለንደን የተወለደ ልጅ ገበታውን በቃሉ ሊወጣው ይችላል፤ «መጣ»ና «መታ»፣ «ቀበረ»ና «ከበረ» በጆሮው ካልተለዩ ግን ጠ እና ተ፣ ቀ እና ከ ለእሱ የአንድ ድምፅ ሁለት ሥዕሎች ናቸው። ይህን ልዩነት ገበታ አያሰማውም፤ ቃል እየጠሩ መጫወት ያሰማዋል።

አንጋፋው፦ ብዙውን ተቀበልኩሽ። የሚቀረኝን ስጋት ግን ልናገር። ንባብ መጨረሻው ብቻን ከገጽ ጋር መቀመጥ ነው። ዳዊት መድገም ጨዋታ አይደለም፤ ረጅም ልብ ወለድ ማንበብም ሕግ ማጥናትም እንዲሁ። ቆጠራ ልጁን ከፊደሉ ጋር አብሮ ታግሦ መቀመጥን ያስተምረው ነበር። ሁሉም ነገር እየጣፈጠ የቀረበለት ልጅ የማይጣፍጠው ገጽ ሲመጣ ምን ይይዛል? ይህን መልሺልኝና እኔም ቆርኪ እለቅማለሁ።

ወጣቷ፦ ትዕግሥት ያስፈልገዋል። ነገር ግን ልጅ የሚታገሠው መጨረሻው ለሚታየው ነገር ነው። ትርጉሙ ያልገባውን መስመር መቶ ጊዜ የቆጠረ ልጅ የተማረው ትዕግሥት ሰው እስኪለቀው መጠበቅን ነው። ስድስት ቆርኪ ይዞ ላም፣ ላብ፣ ልብ ሲል ቆይቶ ማንም ሳይነግረው «ልጅ» የሚለውን ያነበበው ደግሞ አንድ ነገር አይቷል፦ እነዚህ ምልክቶች ይናገራሉ። ከባዱ ገጽ ሲመጣ የሚይዘው ይህን ነው። ጣፋጩ ጨዋታው አልነበረም፤ ማንበብ መቻሉ ነበር። ጨዋታው እስከዚያ ያደረሰው መንገድ ነው፤ ሲደርስ ይቀራል።

አንጋፋው፦ እንግዲያውስ በሚለያየን ላይ አንባቢ ይፍረድ፤ በሚያስማማን ላይ እኔ ልናገር። ቆጥራችሁ አስተምሩ፣ አጫውታችሁም አስተምሩ፤ ነገር ግን የሦስተኛ ወገን ምስክር ይኑራችሁ፤ እሱም ራሱ ልጁ ነው። ከሀ እስከ ፐ ወጣው ብላችሁ ከማጨብጨባችሁ በፊት፣ ወይም ቀኑን ሙሉ በፊደል ሲጫወት ዋለ ብላችሁ ከመደሰታችሁ በፊት፣ ጣታችሁን ከገበታው መሃል አንዷ ላይ አሳርፉና «ይህቺ ማን ናት?» በሉት።